የድሮው የባቡር መስመር ለብስክሌት ይሁንልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ብስክሌት መንገድ በተጻፈ ቁጥር የሚነሳው መሃል ከተማው ነው፤ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቦሌ። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩትን የብስክሌት መስመሮች ነድቼባቸዋለሁ፣ ደስ ይላሉ። እኔ ግን የምኖረው አቃቂ ነው። እኛ ጋ ብስክሌት ይዞ ከሰፈር የወጣ ሰው ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ የድሮው የደብረ ዘይት መንገድ፣ ከሲኖትራክና ከአይሱዙ ጋር እየተጋፉ። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ዝግ ነው፣ መሆንም አለበት። ልጆቻችን ሳይክል የሚለምዱት የሰፈር ኮብልስቶን ላይ ነው። ትንሽ ጎበዝ ሲሉ ደግሞ የሚሄዱበት የለም፣ ብስክሌቱም ጎማው ተንፍሶ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል።

ስለዚህ ሐሳቤን ልናገር። ባቡር መሄድ ያቆመበት የድሮው የጅቡቲ መስመር አለን። ከዚህ ውስጥ ከቃሊቲ ተነስቶ በአቃቂና በዱከም አድርጎ ቢሾፍቱ የሚደርሰው ክፍል ለብስክሌትና ለእግረኛ መንገድ ይሁን። ለእሽቅድምድም አይደለም። ዘና ብሎ፣ ቤተሰብ ይዞ፣ ሜዳውን እያዩ ለመንዳት ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ ፈረንሳይ ናት። እህቴ ሎዋር ወንዝ አጠገብ ነው የምትኖረው። ልጠይቃት ሄጄ ብስክሌት ተከራይተን በወንዙ ዳር ነዳን። እዚያ ከኔቬር ከተማ አቅራቢያ ተነስቶ ወንዙን እየተከተለ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ የሚዘልቅ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የብስክሌት መስመር አለ። ራሱ ደግሞ አውሮፓን ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር የሚያቋርጠው መስመር አካል ነው። አብዛኛው መንገድ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ቦታ የሚነዳው በአሮጌው የጎርፍ መከላከያ የአፈር ክምር ላይ ስለሆነ ከፍ ብሎ ያሳያል፤ በአንድ በኩል ሰፊው ወንዝና መሃሉ ላይ ያሉት የአሸዋ ደሴቶች፣ በሌላ በኩል ማሳና መንደር፣ አለፍ ሲል ደግሞ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት። አምቧዝ ከተማ ገብተን ምሳ በላን፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የመጨረሻ ዓመታቱን ኖሮ በ1519 እ.ኤ.አ. ያረፈባት ከተማ ናት።

ግን እኔን የያዘኝ ሰዉ ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ሻንጣቸውን በብስክሌቱ ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ቀስ እያሉ ይነዳሉ። ሕፃን ልጅ ከኋላ በሚጎተት ትንሽ ጋሪ ውስጥ ተኝቶ ይሄዳል። ማንም አይቸኩልም። በቀን 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ይበቃቸዋል፤ መሃል ላይ ዳቦ ቤት ይቆማሉ፣ ዳቦና አይብ ገዝተው ወንዙ ዳር ይቀመጣሉ፣ ከፈለጉ ሳሩ ላይ ጋደም ይላሉ። የጥሩ ጉዞ መለኪያቸው ፍጥነት አይደለም። ደክሞት መመለስ ያቃተው ሰው ብስክሌቱን ይዞ የክልል ባቡር ላይ ይሳፈራል። መገንጠያ በደረስክ ቁጥር ምልክት ስላለ ካርታ ባትይዝም አትጠፋም። ከመስመሩ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያሉ ማረፊያዎች ደግሞ ብስክሌተኛ እንደሚቀበሉ የሚያሳውቅ መለያ በራቸው ላይ ይሰቅላሉ። መለያውን ለማግኘት ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ ማዘጋጀት አለባቸው። ሰፈራችን ያሉት ጎሚስታዎች ይህን ሥራ ዛሬውኑ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ካላማዳሪያ ለመለጠፍ ማንም አያስተምራቸውም።

ፈረንሳዮች ይህን ሁሉ ሲሠሩ ከባዶ አልተነሱም። ድሮ ለሌላ ሥራ የተሠራውን ነው መልሰው የተጠቀሙበት። የሎዋሩን ነግሬያችኋለሁ፣ የጎርፍ መከላከያ ነበር። በደቡብ ያለው የሚዲ ቦይ ደግሞ ከ1666 እስከ 1681 እ.ኤ.አ. ድረስ የተቆፈረ 240 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጀልባ ቦይ ነው፤ ዛሬ ሰው ብስክሌት የሚነዳበት ዳሩ ድሮ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች ይሄዱበት ነበር። በቡርጎኝ ደግሞ ባቡር የተወውን መስመር ሐዲዱን አንስተው ከክሉኒ እስከ ዢቭሪ 44 ኪሎ ሜትር የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ አደረጉት። የተከፈተው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ከተሞችም ባዶ የቀረ ሐዲዳቸውን እያዩ ተከተሉ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የድሮውን መስመር የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ሲመረቅ አሮጌው እንደቆመ ቀረ። ባቡር ዳገት አይወድም። መሐንዲሶቹ ያን ጊዜ ለባቡሩ ብለው የመረጡት ለስላሳ ተዳፋት ዛሬ ለብስክሌት ልክ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ላይ ናት፣ ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 አካባቢ፤ ሲሄዱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሲመለሱ የደከመው ሰው ብስክሌቱን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አሳስሮ ይመጣል። ሌላም አለ። ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ እንኳን ብስክሌት ሰውም አያሳልፍ፣ ጎማውም ፍሬኑም በጭቃ ይያዛል። የባቡሩ መደብ ግን ከመሬት ከፍ ብሎ በጠጠር የተሠራ ነው፣ ውሃ አይተኛበትም። ዋናው የመሬት ሥራ ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው።

እይታውንስ? በጥቅምት ጤፉ ሲያፈራ ያን ሜዳ ያየ ሰው ያውቀዋል። በግራ የረር ተራራ፣ በቀኝ ራቅ ብሎ ዝቋላ። ዱከም ሲደርሱ ቁርጥ፣ ቢሾፍቱ ሲደርሱ ሆራና ባቦጋያ። ቤተ መንግሥት ባይኖርም ለአንድ ቅዳሜ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል!

የወንዝ ዳርስ ለምን አልመረጥክም የሚለኝ አይጠፋም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ነበር የታሰበው፣ በላይኛው በኩል የተሠራው ሥራም ያስደስታል። የአቃቂ ወንዝ ግን የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ተሸክሞ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ከፋብሪካና ከመጸዳጃ ቤት የሚለቀቀው ሳይቆም ዳሩን በአበባና በንጣፍ ድንጋይ ብናስጌጠው ማንም አይቀመጥበትም። ወንዙ መጀመሪያ ይጽዳ። ሎዋር ዳር ሰው ምሳውን የሚበላው ውሃው ስለማይሸት ነው። እስከዚያው ሐዲዱ አይጠብቀንም፤ በየዓመቱ አጥርና ግንብ እየበላው ነው።

በመስመሩ ላይ ወይም አጠገቡ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ለብስክሌት ተብሎ የማንም ቤት እንዲፈርስ አልፈልግም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መንገዱ ዞር ብሎ ይለፍ፣ በሰፈር ውስጥ ይሂድ፤ ፈረንሳይም ውስጥ መስመሩ ብዙ ቦታ በመንደር መሃል ነው የሚያልፈው፣ መንደሩም ይጠቀማል። ደግሞም ያ መስመር ባዶ አይደለም። እህል ጭኖ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ተማሪ ዛሬም በእግሩ ይሄድበታል። መንገዱ መጀመሪያ የእነሱ መሆን አለበት። ሐዲዱ ቅርስ ነው የሚሉትንም እሰማለሁ፣ እስማማለሁም። ሐዲዱ ሳይነሳ ከጎኑ ሁለት ሜትር ተኩል የተጠቀጠቀ መንገድ ማውጣት ይቻላል፤ አሮጌዎቹ ጣቢያዎችም ታድሰው ቡና የሚጠጣባቸው ማረፊያዎች ቢሆኑ ከመፍረስ ይድናሉ።

የብስክሌት ፍቅር አዲስ ነገር አይደለም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሰው በብስክሌት ሥራ ይሄዳል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ሲዘጋጅም መኪና ሲቆም ስንት ልጅ ብስክሌት ይዞ እንደሚወጣ ሁላችንም አይተናል። እነዚያ ልጆች በሌላው ቀን የት ይነዳሉ? ሴት ልጄ ጥሩ ትነዳለች፣ ግን ደብረ ዘይት መንገድ ላይ አልለቃትም።

ከጋዜጣው የምጠይቀው አለ። መስመሩ ዛሬ በማን እጅ እንደሆነ፣ መሬቱ ለምን እንደታሰበ የሚመለከታቸውን ጠይቁልንና አስነብቡን። ጋዜጠኛም ላኩ። ከአቃቂ ጠዋት በእግር ከተነሳን ምሳ ሰዓት ላይ ዱከም እንደርሳለን። አብሬ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ፣ ሰፈሩንና መሿለኪያውን አውቀዋለሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን ይሻላል።

አንባቢያችሁ፣ ከአቃቂ