እማዬ፣ ጉሮሮሽ ሌሊት የሚያጣው ነገር

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ባለፈው መጥቼ አንቺ ክፍል ባደርኩባቸው ሦስት ሌሊቶች ያየሁትን አልነገርኩሽም። ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርሽ?" "ደህና" ተባብለን ዝም አልን። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ታንኮራፊያለሽ። እሱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ማንኮራፋቱ ሲቆም ነው። ክፍሉ ጭር ይላል። ደረትሽ ይንቀሳቀሳል፣ አየር ግን አይገባም። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። 10፣ 15፣ 20። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ድንገት ትተነፍሺና ትገላበጫለሽ። ሊነጋ ሲል ደግሞ ይብሳል።

ስለ ማንኮራፋት ሲነሳ እንደምታፍሪ አውቃለሁ። የወንዶች ነገር ይመስልሻል። ግን ሴቶችም የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ ይህ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የመቋረጥ ችግር፣ ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት፣ ይበዛባቸዋል። ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ "ጉሮሮሽ ደህና ነው፣ እድሜ ነው" ተብለሽ መመለስሽን ነግረሽኛል። ያቺ "እድሜ ነው" የምትል ነገር በጣም ታናድደኛለች። ቀን፣ ቁጭ ብለሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ የታየ ጉሮሮ ሌሊት የሚሆነውን አያሳይም። ለምን እንደሆነ ሰሞኑን ሳነብ ነው የከረምኩት።

የአየር ቧንቧችን አንገት ላይ ሲደርስ ክፍት አድርገው የሚይዙት ጠንከር ያሉ ቀለበቶች አሉት። ከምላስ ኋላ ያለው መንገድ ግን እንደዚያ ዓይነት ቀለበት የለውም። ለስላሳ ሥጋና ጡንቻ ነው። አየር ስንስብ ግድግዳው አብሮ ወደ ውስጥ ይሳባል። እንዳይደፈን የሚይዙት ጡንቻዎቹ ናቸው። ዋናው ምላስን ወደ ፊት የሚስበው ጡንቻ ነው።

ይህን ጡንቻ የሚያዝዙት የነርቭ ሴሎች ያሉት በአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ "አሁን ሳቡ" የሚል ምልክት ይመጣላቸዋል። ምልክቱ ግን ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ሰው በስሙ ቀስ ብለው ሲጠሩት ነቅቶ ከሆነ ወዲያው "አቤት" ይላል። ካሸለበ ግን አይሰማም። እነዚህም ሴሎች እንደዚያ ናቸው። ነቅተው እንዲጠብቁ ከሚያደርጓቸው ነገሮች ዋነኛው ኖሬፒነፍሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ኖርአድሬናሊንም ይሉታል። ሴሉ ላይ አልፋ አንድ የሚባል ተቀባይ አለ፣ እዚያ ላይ ያርፋል። ያኔ ፖታሲየም ከሴሉ ሾልኮ የሚወጣባቸው በሮች ይዘጋሉ። የሴሉ የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ይላል። አሁን ትንሿ የትንፋሽ ምልክት እንኳ ትቀሰቅሰዋለች። ምላስም ወደ ፊት ይሳባል።

ይህን ንጥረ ነገር የሚልኩት እዚያው አንጎል ግንድ ውስጥ ያሉ ጥቂት የሴል ስብስቦች ናቸው። ከነሱ በጣም የታወቀው ሎከስ ሴሩሊየስ ይባላል፣ "ሰማያዊው ስፍራ" ማለት ነው። እና እማዬ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሴሎች የሚሠሩት ነቅተን ሳለን ነው። እንቅልፍ ሲወስደን ይቀንሳሉ። ህልም በምናይበት እንቅልፍ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላሉ ማለት ይቻላል። ያ እንቅልፍ የሚበዛው ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ነው። ሊነጋ ሲል ይብስብሽ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል። የኖሬፒነፍሪን መጥፋት ብቻውን አይደለም፣ ሴሮቶኒን የሚባል ሌላ የአንጎል ንጥረ ነገርም አብሮ ይቀንሳል፣ ሌሎች ነገሮችም አሉበት።

ይህ ሁሉም ሰው ላይ ይሆናል። ጉሮሮው ሰፊ የሆነ ሰው ግን አይታፈንም። ጠባብ የሆነበት ሰው ቀን ቀን ጡንቻውን ከሌላው ሰው የበለጠ እያሠራ ነው የሚውለው። ሳያውቀው። ሐኪሙ ያዩት ያንን ነቅቶ የሚሠራ ጉሮሮ ነው። ሌሊት የሚሆነው ሌላ ነው። ይኼን ሳነብ አለቀስኩ። ቀኑን ሙሉ ለእኛ ስትለፊ ጉሮሮሽም አብሮሽ ሲለፋ ኖሯል።

ትንፋሽ ሲቆም የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጣል፣ ለቅጽበት ይነቃል። ኖሬፒነፍሪን ይመለሳል፣ መንገዱም ይከፈታል። አንቺ ግን አታስታውሺውም። ያው ንጥረ ነገር ደግሞ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሌሊቱን ሙሉ እየተደጋገመ! ኪኒንሽን እየዋጥሽ ግፊትሽ አልወርድ ማለቱ ከዚህ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ይታይልን። ጠዋት የሚያምሽ ራስ ምታትና ከሰዓት ቁጭ ብለሽ ማሸለብሽም እንደዚያው።

መፍትሔ አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫን ይፋ ያደረጉት ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ በአፍንጫ ጭምብል በኩል አየር እየገፋ መንገዱን ክፍት ያደርጋል። መጀመሪያ ሰሞን ያስቸግራል ይላሉ፣ አልዋሽሽም። ኖሬፒነፍሪንን በመድኃኒት ለመደገፍም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ አንድ ጥናት 20 ሰዎች አቶሞክሰቲንና ኦክሲቡቲኒን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶችን አንድ ላይ ለአንድ ሌሊት ወስደው፣ የትንፋሻቸው መቋረጥ በሰዓት ከ28 ገደማ ወደ 7 ገደማ ወርዷል። በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ጥናቱ ትንሽ ነው፣ መድኃኒቶቹም የልብ ምትንና ግፊትን ሊነኩ ስለሚችሉ ላንቺ በራሳችን የምንሞክረው አይደለም።

መጀመሪያ የእንቅልፍ ምርመራ ነው የሚያስፈልግሽ። አያምም። ሽቦዎች ይለጠፉብሻል፣ ጣትሽ ላይ ትንሽ መቆንጠጫ ይደረጋል፣ ከዚያ መተኛት ነው። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየች መቋረጥ ሁሉ ትቆጠራለች። በሰዓት 30 ከደረሰ ከባድ ይባላል።

እስከዚያ በጀርባሽ አትተኚ፣ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል። በጎንሽ ተኚ። የእንቅልፍ ኪኒንም ሐኪም ሳታማክሪ እንዳትወስጂ፣ አደራ። በወሩ መጨረሻ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። በዚያች ሌሊት አጠገብሽ ነኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ