የቤቱ ኢንሹራንስ ጎርፍን ይጨምራል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክረምት በመጣ ቁጥር የጎርፍ ዜና ይወጣል። ስንት ቤት እንደፈረሰ፣ ስንት ሄክታር ማሳ ደለል እንደለበሰ፣ ስንት አባወራ እንደተፈናቀለ ይነገራል። ከፈረሱት ቤቶች ስንቱ ኢንሹራንስ እንደነበረው፣ ከነበረውም ስንቱ ካሳ እንዳገኘ ግን የሚጠይቅ የለም። ይህን የምንጽፈው በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በደብረ ብርሃን ወንዝ ዳር ቤት ላላቸው ነው። ሰኔ ሳይገባ ቢወጣልን ደግ ነው፤ ከሰኔ በኋላ ከሚጠቅመው ገሚሱ አይሠራም።

በባንክ ብድር ቤት የሠራ ሰው «የእኔማ ቤት ኢንሹራንስ አለው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ሳያስመድን ገንዘብ አይለቅም። ነገር ግን የሚገዛው በአብዛኛው የእሳትና የመብረቅ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ነው። ጎርፍ፣ ዐውሎ ነፋስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ሁከት በዚህ ውስጥ ተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ተከፍሎባቸው በየስማቸው የሚጻፉ ተጨማሪ ሽፋኖች ናቸው። ካልተጻፉ የሉም። ባንኩ ስለ እሳቱ ግድ ይለዋል፤ ስለ ጎርፉ ግን ካልጠየቁት ላያነሳው ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወረቀቱን ማየት ነው። ዋናው ፖሊሲ ብዙ ጊዜ ባንኩ ዘንድ ይቀመጣል፤ ቅጂ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ከፊት ያለውን ረጅም ጽሑፍ ለጊዜው ተዉትና ከፖሊሲው ጋር የተያያዘውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። የተሸፈኑት አደጋዎች፣ የተመደነው የገንዘብ መጠን፣ ተቀናሹ (ከጉዳቱ ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ) እና የሚያበቃበት ቀን ያሉት እዚያ ላይ ነው። «ጎርፍ» የሚለው ቃል ከሌለ ኩባንያው ኢንዶርስመንት በሚባለው የማሻሻያ ወረቀት እንዲጨምርላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መሐንዲስ መጥቶ ቦታውን ሊያይ ስለሚችል ቀናት ይወስዳል። ወንዙ ሞልቶ እያየ ሽፋን የሚሸጥ ኩባንያ ደግሞ አይገኝም። ሰኔ ሳይገባ ያልነው ለዚህ ነው።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። ይህ ለደብረ ብርሃኑ ወንዝ ለበሬሳ ይሆናል፤ የሸዋ ሮቢቱ ወንዝ ሮቢ ግን አያሳስቅም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ዝናቡ ሲደጋገም መሬቱ ይጠግባል፣ ወንዙ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ውሃው በሰዓታት ውስጥ ግቢ ይገባል። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ከጀርባዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው የጣርማ በር ሰንሰለት ቆሟል። ከላይ የወረደው ዝናብ በዚያ ገደል ተንደርድሮ ከተማዋ ሲደርስ እዚህ ጠብታ ላይወድቅ ይችላል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የጣለ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 30,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ ግማሹ እንኳ ቢወርድ 15,000 ቶን ይሆናል፣ ያውም ግንድና ድንጋይ ይዞ። ደረቅ ወንዝ ነው ብሎ መዘናጋት የሚያመጣውን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ አይታዋለች፤ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ሁለቱ ከተሞች የሚገዙት ሽፋንም አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ፖሊሲዎች ጎርፍ የሚሉት በጥቅሉ ወንዝ ወይም ቦይ ከመፍሰሻው ወጥቶ ቤት ሲያጥለቀልቅ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ ከሥር በወለል ከመጣ «ይህ የከርሰ ምድር ስርገት እንጂ ጎርፍ አይደለም» ሊባል ይችላል። ሮቢ ዳር ያለው ወጥመድ ከዚህ ይብሳል። ወንዙ ብዙ ጊዜ ቤቱን አያጥለቀልቅም፤ ዳርቻውን ከሥር እየበላ ቤቱን ከነመሠረቱ ይንደዋል። ወለሉ ሳይርስ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ኩባንያዎች በመሬት መንሸራተትና መስመጥ ሥር ይመድቡታል፤ እሱም ራሱን የቻለ ሽፋን ነው። ከወንዙ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ጎርፍ ብቻ አስጨምሮ ቢመጣ የገዛው የሚፈልገውን ግማሽ ነው። «ወንዙ ዳርቻውን ንዶ ቤቴ ቢወድቅ ትከፍላላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አጥር፣ የግቢ በር፣ የሽንት ቤት ጉድጓድና የቤት ዕቃም በስማቸው ካልተጠቀሱ ብዙ ጊዜ ከሕንፃው ጋር አይቆጠሩም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና ጊዜ ወስዳችሁ ብታነቡት አይከፋም። ቤቱ የሚመደነው በብድሩ ልክ ነው እንበል፤ ብድሩ 1,200,000 ብር፣ ቤቱን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት የሚያስፈልገው 3,000,000 ብር። ጎርፍ መጥቶ የ600,000 ብር ጉዳት አደረሰ። ባለቤቱ 600,000 ይጠብቃል፤ ከ1,200,000 በታች ነዋ። ኩባንያው ግን ያስመደናችሁት ከዋጋው 40 በመቶ ነው ብሎ የጉዳቱንም 40 በመቶ፣ ማለትም 240,000 ብር ያሰላል። ከዚያ ላይ ኤክሰስ የሚሉት ተቀናሽ ይነሳል። ተቀናሹ 5 በመቶ ቢሆን «የምን 5 በመቶ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከጉዳቱ ከሆነ በዚህ ምሳሌ 30,000 ነው፣ ከተመደነው መጠን ከሆነ 60,000። የተረፈውም ቼክ ቀድሞ የሚጻፈው ለባንኩ ነው።

ዋጋውን ስታስገምቱ ደግሞ የገበያ ዋጋ አትናገሩ። ቤት ሲሸጥ ዋጋው ውስጥ ቦታውም አለበት፤ ቦታ ጎርፍ ቢመጣም አይመደንም፣ መሬቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሚመደነው ድንጋዩ፣ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮውና የእጅ ዋጋው ነው። ይህም ቢሆን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገመተ ከሆነ ዛሬ ያንን ቤት አይሠራም። በየዓመቱ ፖሊሲው ሲታደስ ግምቱም ይታደስ።

ስለ ቤቱ የምታውቁትን አትደብቁ። ከወንዙ ያለው ርቀት፣ ከዚህ በፊት ውሃ ገብቶበት ከሆነ፣ ፊት ለፊቱ ሱቅ ወይም የሽንኩርት መጋዘን ከሆነ ቅጹ ላይ ይጻፍ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የ1952ቱ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ባለበት ቀጥሏል፤ በእሱ መሠረት እያወቀ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። አረቦን ሊቀንሱ ብለው የደበቁት ርቀት የሚለካው ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ ካሳ ሲጠየቅ ነው።

«በ25 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ሲባል ዘንድሮ መጣ፣ ከእንግዲህ ለ24 ዓመት እንገላገላለን ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከ100 እጅ 4 እጅ ዕድል አለው ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ 30 ዓመት ለሚኖር ሰው ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የ50 ዓመቱ ጎርፍ እንኳ በዚያው ዕድሜ ውስጥ 45 በመቶ ነው። ተጨማሪው አረቦን በዛብኝ ከማለት በፊት ይህን ማስላት ነው።

ኢንሹራንሱ ቤቱን አያድነውምና ግንባታው ላይም ጥቂት እንበል። ብዙ ሰው ጎርፍን ለመከላከል ዙሪያውን በብሎኬት ይዘጋል። አንድ ሜትር የቆመ ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር ግድግዳ ላይ 500 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 180 ኪሎ ነው። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብረት ያልገባበት የብሎኬት አጥር ይህን የሚችል አይደለም፤ ለጥቂት ደቂቃ ይገድብና በአንድ ጊዜ ይደረመሳል፣ ያን ጊዜ ቤቱን የሚመታው ከመጀመሪያው የባሰ ውሃ ነው። አጥሩ ሥር በየሁለት ሜትሩ ማሳለፊያ ቀዳዳ ተዉለት። ውሃው ይግባ፣ ይውጣ፤ ወለሉን ከፍ ማድረግ ይሻላል። በነገራችን ላይ ብዙ ቤት የሚጎዳው ከወንዝ ሳይሆን ከመንገድ ነው፤ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት በተነጠፈ ቁጥር መንገዱ ከፍ ይላል፣ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል።

የጣራውም ውሃ አይናቅም። 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 8,000 ሊትር ነው፣ አርባ በርሜል። ይህ ግቢ ውስጥ ከፈሰሰ መሠረቱን የሚያላላው የራሳችሁ ጣራ ነው፤ አሸንዳና ወደ ቦይ የሚወስድ ቱቦ ይኑረው። ሶኬቶች ከወለል ከአንድ ሜትር በላይ ይሁኑ። ዝቅ ባለ ቦታ ያለ ቤት ደግሞ ውሃው ቀድሞ የሚገባበት በበሩ ሳይሆን በሽንት ቤቱ ቱቦ ነው፤ መውጫው ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ማስገጠም ከኋላ ጽዳት በብዙ ይረክሳል።

በማዳበሪያ አፈር ሞልቶ መደርደር ይረዳል፣ በትክክል ከተደረደረ። ማዳበሪያው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሞላ፤ ጢም ብሎ ከሞላ ድንጋይ ይሆንና በመካከሉ ውሃ ያሳልፋል። አፉ ታጥፎ ከሥር ይሁን፣ ወደ ውሃው መምጫ ይዙር። እንደ ጡብ መጋጠሚያው ላይ እየተደረበ በእግር ይረገጥ፣ ከውሃው በኩል ላስቲክ ይልበስ። የሥሩ ስፋት ከከፍታው ሦስት እጥፍ ካልሆነ ተገፍቶ ይሄዳል። ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ መደርደር ከጀመራችሁ ዕቃውን ማውጣት ይበጃል። ልጅና አዛውንት ካሉ ደግሞ እሱንም ትታችሁ ውጡ፤ የሚሮጥ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ሲያልፍ ሰው ይጥላል።

ውሃው ካለፈ በኋላ ሰው ጭቃውን ዛቅ አድርጎ፣ የተበላሸውን ጥሎ፣ ግድግዳውን ቀብቶ ነው ኩባንያው ጋ የሚሄደው። እዚያ ላይ ያጣል። ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር ትልቁ ማስረጃ ነው፤ ሜትር አጠገቡ ይዛችሁ በእያንዳንዱ ክፍል ፎቶ አንሱት። የተበላሸ ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ እህል ገማቹ ሳያየው አይጣል፤ ከሸተተ ግቢ አውጡት እንጂ አታርቁት። ለኩባንያውም ለባንኩም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂው ላይ «ደርሷል» አስብላችሁ አስፈርሙ። ከቀበሌና ከፖሊስ ማስረጃ ያዙ፤ አንዳንዴ የዕለቱን ዝናብ መጠን ከሜትሮሎጂ ይጠይቋችኋል። ጉዳቱ እንዳይባባስ ጣራ መሸፈንና ውሃ ማውጣት ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ግዴታ ነው፤ ያወጣችሁበትን ደረሰኝ ያዙ።

የጭቃ ቤት ያለው ሰው እስካሁን ያልነው አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ብዙ ኩባንያ የጭቃ ቤትን ለጎርፍ አይመድንም፣ ቢመድንም በውድ ነው። ምክንያትም አላቸው፤ ምርጉ ውሃ ሲጠጣ ከታች ይላላል፣ ቤቱም የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ጎርፉ በገባበት ሌሊት ሳይሆን ውሃው ከሄደ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ሰው ተመልሶ ከተኛበት በኋላ ነው። ስለዚህ ወዲያው አትግቡበት፤ የረጠበውን ምርግ ከሥሩ አራግፉ፣ ቋሚዎቹን በድጋፍ እንጨት አስይዙ፣ በርና መስኮቱን ክፈቱ። አዲስ የሚሠራ ደግሞ ከመሬት በላይ 60 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ ይሥራለት፤ ጭቃው ከዚያ በላይ ይጀምር።

እነዚህ ሰዎች ያላቸው እድር ነው። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጉድለት አለበት። የአንድ ወንዝ ዳር እድር አባላት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይጎዳሉ፤ ሰብሳቢው ሳጥኑን ሲከፍት ከፋይ የለም፣ ተቀባይ ብቻ ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ራሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ከያዙት አደጋ ከፊሉን በጠለፋ ዋስትና ለሌላ ያስተላልፋሉ። እድሮችም ይህን ማድረግ አይከለከሉም። ሮቢ ዳር ያለ እድር ከወንዙ ራቅ ብሎ ከፍታ ላይ ካለ እድር ጋር፣ የሸዋ ሮቢቱ ከደብረ ሲናው ጋር ቢዋዋል፣ አንዱ በጎርፍ ሲጎዳ ሌላው ለአንድ ቤት ይህን ያህል ቆርቆሮ፣ ይህን ያህል ባሕር ዛፍ ብሎ በመተዳደሪያ ደንቡ ቢጽፍ፣ ሳጥኑ በአንድ ሌሊት ባዶ አይሆንም። ድንኳንና ወንበር የሚዋዋሱ እድሮች አሉ። ቆርቆሮ የሚዋዋሱበትን ደንብ ከክረምቱ በፊት ባለው አንድ እሑድ ስብሰባ ማርቀቅ ይቻላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከሸዋ ሮቢት