ለአባባ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እርስዎ በስልክ "ቁስሉ ድኗል" አሉኝ፤ እቴቴ ግን እንዳልዳነ ነገረችኝ። ዶክተሩ ያለውንም ነግራኛለች። እሱን አሁን አላነሳውም። ስኳር ያለበት ሰው ግን ባዶ እግሩን አይሄድም። ቅዳሴ ሲገቡ ጫማዎን ያውልቁ፣ ካልሲውን ግን አያውልቁ። እባክዎ።

ባለፈው ከጀርመን ድንበር ተሻግረን ፖላንድ፣ ሽቪድኒጻ ሄድን። እዚያ የሰላም ቤተክርስቲያን የሚሉት የሉተራኖች ቤተክርስቲያን አለ። እርስዎ ቢያዩት ብዬ ተመኘሁ። በፈረንጆች 1648 ካቶሊክና ፕሮቴስታንት የተዋጉበት የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ሲያልቅ ካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት በዚያ አካባቢ ሦስት ቤተክርስቲያን ብቻ ፈቀደላቸው። ከከተማው ቅጥር ውጭ ይሁን፣ በድንጋይ አይሠራ፣ ግንብና ደወል አይኑረው፣ በአንድ ዓመት ይለቅ አላቸው። እነሱም በእንጨት፣ በጭቃና በጭድ ሠሩት። የእርስዎ ሙያ እኮ ነው፣ አባባ! ቋሚውና ማገሩ ከውጭ ይታያል፤ መሃሉ ምርጊት ነው፣ ነጭ ተቀብቷል። በ1657 ጸለዩበት፤ እስካሁን ቆሟል። 7500 ሰው ይይዛል ይላሉ። ከሦስቱ አንዱ ተቃጥሏል።

ከውጭ ትልቅ ጎተራ ነው የሚመስለው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ዙሪያውን ሰገነት በሰገነት ላይ ተደራርቧል። ሰገነቱ ሁሉ ሥዕልና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ነው። ጣራው ላይ የዮሐንስ ራእይ ተሥሏል። መስበኪያው ላይ የአሸዋ ሰዓት አለ። ልጅቷ እሱን ካልነካሁ ብላ አለቀሰች። ቁመቷ ጨምሯል፤ ግንባሯ ቁርጥ የእርስዎ ነው።

የሠርጌ ዕለት "ሥዕል የሌለው የጭቃ አዳራሽ ቤተክርስቲያን አይባልም" ብለው ቀሩ። እማማ ብቻዋን መጣች። ሙሽራ ሆኜ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። ከቅጥር ውጭ መቆም ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። አኩርፌ አልቀረሁም፤ ያስተማሩኝም፣ ያሳደጉኝም እርስዎ ነዎት፣ አልረሳሁም። ግን አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

ሽቪድኒጻን የጠቀስኩልዎ ሥዕል ስላለው አይደለም። ሥዕል ባይኖረውም እነዚያ ሰዎች እዚያው ይጸልዩ ነበር።

ለፋሲካ እንመጣለን። ትንሿ የምትጠመቀው እኔ በተዳርኩበት አዳራሽ ነው። በዚህ ጊዜ እንዲቀሩ አልፈልግም። ይመጣሉ? መልሱን ለእቴቴ ሳይሆን ለእኔው ይንገሩኝ።

ልጅዎ