ውጤቱ ምክንያቱን ይዞ ይምጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሕግ ተማሪ አምስት ዓመት ይማራል። ምስለ ችሎት ይቆማል፣ ፍርድ ቤት ወጥቶ የተግባር ልምምድ ይሠራል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀርባል። የመውጫ ፈተናም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለሌሎቹም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግዴታ ሆኗል፤ ለማለፍ 50 በመቶ ይጠይቃል። የሕግ ተማሪ ግን ቀድሞ ለምዶታል። በዚህ ቅሬታ የለኝም።

የኔ ጉዳይ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። እኔ የጻፍኩት ስለ ሴቶች የመሬት ውርስ ነበር። ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ አቧራ የጠጣ ፋይል ሳገላብጥ ከረምኩ። የማተሚያና የመጠረዣውን ብር የላከችልኝ እናቴ ናት። ውጤት ሲለጠፍ «ሲ ፕላስ» ይላል። በቃ! ጽሑፉን አስወጥቼ አንድ በአንድ ገለጥኩት። አንድም የእስክሪብቶ ጭረት የለበትም። ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 182 ፍርድ ምክንያቱን መያዝ አለበት ይላል። ይህን ያስተማሩን እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ታዲያ የአምስት ዓመት ልፋት የሚዘጋበት ውጤት ለምን ያለ ምክንያት ይሰጣል?

መምህራን ሥራ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ። አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝም አይቻለሁ። የምጠይቀው ግማሽ ገጽ አስተያየት ነው። ነጥቡ ለጥናት ዘዴው ስንት፣ ለሕግ ትንተናው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ጽሑፉን ከአማካሪው ሌላ አንድ መምህር ያንብበው። ቅሬታ ያለው ተማሪም ጋዋን ከመልበሱ በፊት ይሰማ።

አንድ የሕግ ምሩቅ፣ ከአዲስ አበባ