«በእጥፍ ጨመረ» ከማለታችን በፊት

ውድ አባሎቻችን፣

ሳይንስን ለሕዝብ ስታስረዱ ከሁሉ በላይ እንድትጠነቀቁ የምለምናችሁ ስለ አደጋ መጠን ስትናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ አንዳንድ አዳዲስ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ሐሰት አልነበረም። ግን ከ7,000 ሴቶች በአንዷ ላይ ይደርስ የነበረው በሁለት ላይ ይደርሳል ማለት ነበር። ይህ በግልጽ ስላልተነገረ ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቋረጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ያልታሰበ እርግዝናና ውርጃ ጨመረ። ደም የማርጋት አደጋው ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ከእንክብሉ የባሰ ነው!

እንግዲህ መጀመሪያ ከስንት ሰው ስንቱ እንደሆነ ተናገሩ፤ «በእጥፍ» የሚለው ወይም መቶኛው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የሚጠይቃችሁ ሰው ከፈራ ፍርሃቱን አታጣጥሉበት። ምን እንደሰማ፣ ለማን እንደሰጋ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ስለ ጥናቱ ሳይሆን ስለ ልጁ ነው፤ ይህን ሳናውቅ የምንሰጠው ማብራሪያ፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ አይደርሰውም። ገና ያልተረጋገጠውንም «አልተረጋገጠም» በሉት፤ ለማወቅ ምን እየተደረገ እንዳለ ጨምሩለት።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ መቶኛ ያለበት አንድ የጤና ዜና ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንደገና እንጽፈዋለን።