ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፦ ዘጠና ቀኑ ስንት ጊዜ ነው የሚቆጠረው?

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍነው በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባናቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላጡ ነው። ጉዳዩ ሥራ ለ90 ቀን ታግዷል የሚል ማስታወቂያ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የተለጠፈባቸው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ሦስቱም ቁጥር ወጥቶላቸዋል፣ ማኅተም አርፎባቸዋል። ሁለተኛውን ይዘን ስንመጣ «ፋይሉ ኃላፊው ጋ ነው» ተባልን። በሦስተኛው ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። ጉዳዩን ያውቁታል፤ ሕጉንም ያውቁታል። ስለዚህ የምንጠይቅዎ የሚያውቁትን ለምን እንደማይፈጽሙት ነው።

በልብስ ስፌት ፋብሪካው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። «በገበያ ችግር ምክንያት ለ90 ቀን ሥራ ታግዷል፤ ሠራተኞች ሲጠሩ ይመለሳሉ» ይላል። የመጀመሪያውን ወረቀት ዝናብ መትቶት ቀለሙ ፈሷል። ሁለተኛው በላዩ ላይ ተለጠፈ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሁለተኛው ላይ። ጽሑፉ ያው ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦና ከደሴ ዙሪያ የመጡ ልጆች ለሦስት ለአራት ሆነው የተከራዩትን ቤት እየለቀቁ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን አይፈቅድም። አሠሪው በጥፋቱ ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራውን ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ለማቆም ከተገደደ፣ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃችኋል። እናንተም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ምክንያቱ በቂ ነው ወይም አይደለም ብላችሁ ትወስናላችሁ። ካልወሰናችሁ ዝምታችሁ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። እገዳው ቢበዛ 90 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራው እንደማይጀመር ካመናችሁበት ደግሞ፣ አንቀጽ 21 ሠራተኛው የስንብት ክፍያውን ጨምሮ የሚገባው ሁሉ ይሰጠው ይላል። 90 ቀን አልቆ ሌላ 90 ቀን፣ እሱም አልቆ ሌላ 90 ቀን የሚል ቃል በአዋጁ ውስጥ የለም።

«የገበያ ችግር» የተባለው ምን እንደሆነም የተሰወረ አይደለም። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ ገበያዋ ከሚገባበት ዕድል፣ እንደምታስወጣ ያሳወቀችው በጥቅምት 2014 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014። ያኔ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ስለነበሩ ነገሩን ልብ ያለው ጥቂት ነበር። ያለ አጎዋ ከጥጥ የተሠራ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው 32 በመቶ መደበኛ ቀረጥ አለበት። ቀረጡ የሚሰላው ደግሞ ጨርቁም ዚፑም ቁልፉም ተደምሮ በልብሱ ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። እዚህ የሚቀረው ግን የስፌቱ ዋጋ ብቻ ነው። ፋብሪካው ቀረጡን ከራሱ ድርሻ ልቻል ቢል ከስፌት ከሚያገኘው አብዛኛው ይሄዳል። የሌላ አገር መንግሥት በውሳኔ የዘጋው ገበያ በ90 ቀን አይከፈትም። ትእዛዝ በቋሚነት ከቀረ ነገሩ እገዳ መሆኑ ይቀርና የሠራተኛ ቅነሳ ወይም የድርጅት መዘጋት ይሆናል። ስሙ ሲለወጥ ሠራተኛዋ የምታገኘውም ይለወጣል።

ምን ያህል እንደሚለወጥ በአንድ ሠራተኛ ሒሳብ እናሳይ። የወር ደመወዟ 2,400 ብር፣ አገልግሎቷ 4 ዓመት ይሁን። የቀን ደመወዟ 80 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት በ30 ሲባዛ 2,400 ብር። ለቀሪዎቹ 3 ዓመታት በየዓመቱ የዚህ ሲሶ፣ ማለትም 800 ብር ይጨመራል፤ 2,400 ብር። ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ ወይም ቅነሳ ከሆነ የቀን ደመወዟ በ60 ተባዝቶ ሌላ 4,800 ብር ይታሰባል። ድምሩ 9,600 ብር ነው፤ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር። «ታግዷል» በሚለው ወረቀት የምታገኘው ምንም ነው። በአገራችን የሥራ አጥነት መድን የለምና ከስንብት ክፍያው ሌላ የምትደገፍበት ነገር የላትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ መብቱ ይቀራል ማለት ነው። ሠራተኞቹ «ገና አልተሰናበትንም» ብለው እየጠበቁ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ የአሠሪው ጠበቃ ችሎት ቆሞ «እገዳው ከ90 ቀን ስለማያልፍ ውሉ የተቋረጠው በ91ኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ዘግይተዋል» ቢል ልጆቹ ምን ይመልሳሉ? ቀኑን አብረን እንቁጠረው። 90 ቀን፣ በላዩ ስድስት ወር፣ በእኛ አቆጣጠር 180 ቀን፤ ድምሩ 270 ነው። ሦስት ማስታወቂያ እያንዳንዱ 90 ቀን፣ እሱም 270 ነው። ሦስተኛው ወረቀት የሚያበቃበት ቀንና የልጆቹ መብት አደጋ ላይ የሚወድቅበት ቀን አንድ ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር ይሁን ታስቦበት የተደረገ እኛ አንፈርድም። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ዝምታ ግን ለሁለቱም መንገድ ከፍቷል።

እስከዚያው ሌላ ሥራ ይፈልጉ እንዳይባል መልቀቂያ የላቸውም። ሌላ ፋብሪካ ሲሄዱ «መልቀቂያሽን አምጪ» ይባላሉ፤ አሠሪያቸው «አልተሰናበታችሁም» ይላል። ቀበሌ ለሥራ ፈላጊነት ሲመዘገቡ «ፔሮል ላይ አለሽ» ይባላሉ። ከሁለቱም በኩል ተዘጋባቸው። በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ደላላ ግን መልቀቂያ አይጠይቅም። እናቶቻቸው እንቅልፍ የሚያጡት ለዚህ ነው።

የተሰጠው ብቸኛ ነገር የአምስት ቀን የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ነው። የፋብሪካ ሰፊ ማለት ልብስ ሰፊ ማለት አይደለም። አራት ዓመት ኦቨርሎክ በሚባለው የጠርዝ መስፊያ ማሽን ላይ የተቀመጠች ልጅ ስትገጣጥም የኖረችው እጅጌ ብቻ ነው፤ በዚያ ፈጣንና የሠለጠነች ናት፤ ልኬት መውሰድና ጨርቅ መቁረጥ ግን ሥራዋ ሆኖ አያውቅም። በአምስት ቀን ንግግር ስፌት ቤት አትከፍትም። የሚጠቅማት ያላትን ሙያ በሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና በወረቀት ማረጋገጥና የቅድና የቁረጣ ትምህርት ለወራት ማግኘት ነው። ለምዘናው የምትከፍለውም የላትም።

ገበያውን የዘጋችው አገር እንኳ በውጭ ንግድ ምክንያት ሥራ ለሚያጡ የራሷ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሕግ ነበራት። ሦስት ሠራተኞች ፈርመው ያመለክቱ ነበር፤ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቷ በ40 ቀን ውስጥ ይገባቸዋል ወይም አይገባቸውም ብሎ በጽሑፍ ይወስን ነበር። ከተፈቀደ የሥልጠና ክፍያ፣ በሥልጠናው ጊዜ መተዳደሪያ፣ ለሥራ ፍለጋና ለመዛወሪያ ወጪ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ወዲህ ግን ለአዲስ አመልካቾች መፍቀድ ቆሟል። ያን ያህል ገንዘብ አምጡ አላልንም። በተቆጠረ ቀን አዎ ወይም አይ የሚል ወረቀት መስጠት ግን በጀት አይጠይቅም።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በዚህ ሳምንት ወደ ፋብሪካው ይላኩ። ገብቶ የሚያየው ብዙ አይደለም፦ ከገዢ የመጣ ያልተፈጸመ ትእዛዝ አለ ወይ? መጋዘን ውስጥ ጨርቅ አለ ወይ? የመብራት ቆጣሪው ካለፈው ንባብ ተንቀሳቅሷል? ማሽኖቹ በየመስመራቸው ናቸው ወይስ ተፈትተው በሳጥን ታሽገዋል? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ያስቸኩላል። የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ሁሉ ይቀድማል ቢባልም፣ ማሽኑ ከግቢ ከወጣ የሚቀድምበት ንብረት አይኖርም። ከቀረጥ ነፃ የገባ ማሽን ለሌላ ሲተላለፍ የጉምሩክ ፈቃድ ስለሚፈልግ፣ ለጉምሩክ የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ጊዜ ያስገኛል። ከሠራተኛው የተቆረጠው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ገቢ መሆኑን የሚያሳየው ደረሰኝም በወር በወሩ ይታይ።

ከዚያ ሥራው ይቀጥላል ወይም ተዘግቷል የሚል ውሳኔ በፊርማዎና በማኅተም ይስጡን። ይቀጥላል ካሉ ልጆቹ ወደ መስመራቸው ይመለሱ፣ ደመወዝም ይከፈላቸው። ተዘግቷል ካሉ መልቀቂያቸውንና ክፍያቸውን ይቀበሉ። ባለው ነገር ላይ መወሰን ካልፈለጉም ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡንና ለሥራ ክርክር ችሎት ይዘነው እንሂድ።

ሦስተኛው 90 ቀን ሊያልቅ 19 ቀን ቀርቶታል።

ከሠራተኞቹ ጋር የቆምን
ወሎ