ታድሷል የተባለው ቤት ጣሪያ የለውም፦ ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

መስከረም 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ

ጉዳዩን ያውቁታል። በጽሑፍ አመልክተናል፣ የእድሩን ሽማግሌዎች ይዘን ቢሮዎ ድረስ መጥተናል፣ የቅሬታ መዝገብ ላይም ፈርመናል። የተሰጠን መልስ ሁልጊዜ «ይታያል» የሚል ነው። እስካሁን ያየው ሰው ስለሌለ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በሐምሌ ወር ለክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማስጀመሪያ ወደ ሰፈራችን መጣችሁ። ባነር ተሰቀለ፣ ቲሸርትና ኮፍያ ታደለ፣ ካሜራ ተደገነ። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የነቀሉት እርስዎ ነዎት፤ መሰላሉን ይዤ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ቤቱ እማማ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ከ40 ዓመት በላይ የኖሩበት ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝጎና ተበሳስቶ ስለነበር መለወጡ የግድ ነበር። ነገር ግን አሮጌው የወረደው አዲሱ ቆርቆሮ፣ እንጨቱና ሚስማሩ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል ተብሎ ነው። ከሰዓት በኋላ መኪናዎቹ ሄዱ፤ ዕቃው አልመጣም። ያን ዕለት ማታ ዘነበ።

በሙያዬ ግንበኛ ነኝ። በሰፈራችን ያሉት የቀበሌ ቤቶች አብዛኞቹ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። ጭቃ ቤት ጣሪያው ደህና እስከሆነ ድረስ ረጅም ዘመን ይቆማል። ጣሪያው ሲነሣ ግን ውሃው በግድግዳው አናት ገብቶ ምርጊቱን ከውስጥ ያላቅቀዋል፣ ቋሚውን ከሥሩ ያበሰብሰዋል። የእማማ ቤት ዛሬ እዚህ ደረጃ ላይ ደርሷል። በአንዱ በኩል ልስኑም ምርጊቱም ረግፎ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ተራቁቷል። ግድግዳው የጋራ በመሆኑ ጎረቤታቸው ያለችው የልጆች እናትም እርጥበቱ ገብቶባት አልጋዋን ወደ ክፍሉ መሃል ለመሳብ ተገድዳለች።

እማማ ክረምቱን ያሳለፉት በእድራችን ድንኳን ነው። የለቅሶ ድንኳን ነው፤ ሌላ አልነበረንም። በጣሪያው ፈንታ ወጥረን በገመድ አሰርነው። በነሐሴ መጨረሻ ግን ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ፤ ድንኳኑም ለሐዘንተኛው ቤት ሊሰጥ ግድ ሆነ። ምን እናድርግ ብለን ደጃፋቸው ላይ ቆመን ስንመካከር ሰምተው ወጡና «ውሰዱት ልጆቼ፣ ሬሳ ዝናብ ላይ አይቀመጥም» አሉን። ድንኳኑ እስኪመለስ ድረስ ፍራሻቸውም፣ ዱቄታቸውም፣ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍም ውሃ ጠጣ። ቀን ለቅሶ ቤት ሲያጽናኑ እየዋሉ ማታ የጎረቤት ወለል ላይ ተኙ። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ እናት ናቸው። የያዛቸው ሳል እስካሁን አልለቀቃቸውም።

ገንዘብ የለንም ብትሉን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ የት እንደደረሰ በየቀኑ የማየው ሰው ነኝ። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው እንደየአቅሙ አዋጣ፤ እድሩም ከካዝናው ጨመረ። ቆርቆሮው ተገዛ፣ ባሕር ዛፉ መጣ፣ የቋሚዎቹ እግር ምስጥ እንዳይበላው በተቃጠለ ዘይት ተቀባ። አናጢው፣ እኔና ትምህርት ቤት የተዘጋላቸው ወጣቶች ጉልበታችንን ይዘን ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርን። ቀትር ሳይሆን ደንብ አስከባሪዎች ደረሱ። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ንብረት ነው፣ ያለ ፈቃድ አይታደስም ብለው መዶሻችንንና መጋዛችንን ወስደው ሄዱ። ደንቡ ደንብ ነው፤ አልተጣላንም። ፈቃድ ልንጠይቅ ወደ ወረዳው ሄድን።

እንቅልፍ የነሣኝ እዚያ የሰማሁት ነገር ነው። ባለሙያዋ ኮምፒውተሯ ላይ የቤቱን ቁጥር ፈልጋ አገኘችና «ይህ ቤት እኮ ታድሶ ርክክብ ተፈጽሟል» አለችን። ስላላመንናት ስክሪኑን አዙራ አሳየችን። ከነቤት ቁጥሩ፣ ከነእማማ ስም፣ «ተጠናቋል» ተብሎ ተጽፏል። ቤቱ ታድሷል ስለተባለ ወረዳው ዕቃ አይመድብለትም። ታድሷል ስለተባለም የእድሳት ፈቃድ አይሰጠውም። እናንተ አትሠሩትም፣ እኛም እንዳንሠራው ተከልክለናል።

ያንን ሪፖርት ማን ጻፈው? ማንስ ቤቱን ሳያይ ፈረመበት? ከቢሮዎ እስከ እማማ ደጃፍ ያለው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው። አንድ ሰው ልኮ ማረጋገጥ ይህን ያህል ከብዶ ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች መኖሪያ እንዲያገኙ ይላል። ስለ አገር አቅም ልከራከርዎ አልፈልግም፤ አቅሙን ሰፈርተኛው አዋጥቶ አምጥቶታል። የጎደለው የእናንተ ፊርማ ነው።

የወጣቶቹም ነገር ያንገበግበኛል። ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ፣ ማገር እንዴት እንደሚመታ ከእኔ እየተማሩ በደስታ ሲሠሩ የነበሩ ልጆች ናቸው። መሣሪያው በተወሰደ ዕለት አንደኛው «ጋሼ፣ ለመርዳትም ጥፋተኛ እንባላለን?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን እርስዎ ይስጡት።

ለወደፊቱ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ጭቃ ቤት በሐምሌ አይነካም። ወላጆቻችን ቤት የሚሠሩት በበጋ ነበር፤ ጭዱ ከአውድማ ሲገኝ፣ የተመረገውንም ፀሐይ ሲያደርቀው። ተማሪዎች ነጻ የሚሆኑት በክረምት ነው የሚለውን ምክንያት እሰማለሁ። በክረምት ቦይ ይቆፈር፣ ችግኝ ይተከል፣ አጥር ይጠገን። ጣሪያ የሚነሣ ከሆነ ግን አዲሱ ቆርቆሮ ተቆጥሮ ደጃፍ ላይ ሳይቀመጥ አንድ ሚስማር መነቀል የለበትም።

አሁን የምንጠይቀው ይህን ነው። የእማማ ቤት ታድሷል ከሚለው ዝርዝር ይውጣ፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ቤቶችም በአካል ይታዩ። የእድሳት ፈቃዱ በዚህ ሳምንት ይሰጠን። የተወሰዱት መሣሪያዎች ይመለሱ። ቆርቆሮውና እንጨቱ በእድሩ መጋዘን ስላለ ፈቃዱ በእጃችን በገባ ማግስት ሥራ እንጀምራለን። ከወረዳው በጀት ምንም አንጠይቅም፤ ምረቃም ካሜራም አንፈልግም። ፈቃዱን የምትከለክሉን ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን። ያንን ወረቀትና ያነሣናቸውን ፎቶግራፎች ይዘን ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም እንሄዳለን።

የሰፈሩ የበጎ ፈቃድ ቡድን አስተባባሪ

ግልባጭ፦
ለእድራችን ሊቀመንበር
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም